ማር ሲሠራ ልጆቻችሁን ወስዳችሁ አሳዩ፤ እናንተም ተናገሩ

የነሐሴ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ አንዱ በስልክ፣ ሌላው በቴሌቪዥን ተጠምዶ "ሰለቸኝ" የሚለው ቃል በየቤቱ እንደሚሰማ አውቃለሁ። በእኔም ቤት ይሰማል።

እንግዲህ ሮሽ ሃሻና፣ አባቶቻችን "ብርሃን ሠረቀ" ይሉት የነበረው በዓል፣ እየቀረበ ነው። እዚህ አገር በዚህ በዓል ፖም በማር እየነከሩ "ዓመቱ ጣፋጭ ይሁን" ማለት ልማድ ነው። ፖም መንከሩ በእኛ አገር አልነበረም፤ ማሩ ግን ነበረ። ከበዓሉ በፊት ባሉት ሳምንታት በየሞሻቩና በየኪቡፁ ብዙ ንብ አርቢዎች በራቸውን ለጎብኚ ቤተሰብ ይከፍታሉ። ስለዚህ ዛሬ ስለዚህ ቲዩል ላጫውታችሁ። ምን እንደሚታይ፣ ምን እንደሚጠየቅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እኛ ወላጆች ምን መናገር እንዳለብን።

ለምን ስለ መናገር አነሳሁ? ነገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኩፓት ሖሊም ስንሄድ ልጁ ያስተረጉማል። ባንክ ስንሄድ ልጅቷ ታስተረጉማለች። የወላጆች ስብሰባ ላይ እንኳ ስለራሱ ጥፋት የሚያስተረጉመው ራሱ ልጁ ነው! (እንዴት አድርጎ እንደሚያስተረጉመው ደግሞ እኛ አስተማሪዎች እናውቃለን።) ልጆች መርዳታቸው መልካም ነው፤ የተባረኩ ናቸው። ነገር ግን አባቱን ሁልጊዜ ጠያቂ፣ እናቱን ሁልጊዜ ዝምተኛ ሆና የሚያይ ልጅ፣ ከጊዜ በኋላ "አባቴ አያውቅም" ማለት ይጀምራል። ይህን ቃል በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። በክፋት አይደለም የሚሉት። ያዩትን ነው የሚናገሩት። እኛ የምናውቀውን የሚያዩበት ቦታ ስላላገኙ ነው። የንብ እርባታ አንዱ እንዲህ ያለ ቦታ ነው።

ባለፈው ዓመት እናቴን፣ ባለቤቴንና ሦስቱን ልጆች ይዤ ወደ አንድ ሞሻቭ ሄድን። አስጎብኚው ወጣት ልጅ ነው። ለሁላችን የንብ መከላከያ ቆብ ከነመረቡ አለበሰን። እናቴ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ቆቡን ከላይ ደረቡት።

መጀመሪያ ያሳየን በመስተዋት የተዘጋ ቀፎ ነበር። ንቦቹ ሲሠሩ በግልጽ ይታያሉ። በአንድ ቀፎ ውስጥ በአበባ ወቅት ከ40 ሺህ እስከ 60 ሺህ ንብ ይኖራል። ከነዚህ ሁሉ እንቁላል የምትጥለው አንዲት ብቻ ናት፤ በዕብራይስጥ "ማልካ"፣ ንግሥት ማለት ነው። በጥሩ ወቅት በቀን እስከ 2000 እንቁላል ትጥላለች። እኛ አገር "አውራ" እንላት የለም? እንደ አውራ ዶሮ ማለት ነው፤ አባቶቻችን ወንድ መስላቸው ነበር። በዚህ አትፈሩ፤ የአውሮፓ ሊቃውንትም እስከ 400 ዓመት በፊት ድረስ "ንጉሥ" ነበር የሚሏት። ወንዶቹ፣ ድንጉላ የምንላቸው፣ ማር አይሠሩም፣ አይናደፉም። ዋና ሥራቸው ንግሥቲቱን ማስረገዝ ነው። ይህን ሲሰማ የ12 ዓመቱ ልጄ በጣም ደስ አለው። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም፤ አበባ ሲጠፋና ብርድ ሲመጣ ሠራተኞቹ ንቦች ድንጉላዎቹን ጎትተው ከቀፎ እንደሚያስወጧቸው አስጎብኚው ነገረው።

ማሩ እንዴት ይሠራል? ንቧ ከአበባ የምትቀስመው ጣፋጭ ውሃ ነው። አብዛኛው፣ 70 ከመቶና ከዚያም በላይ፣ ውሃ ነው። ንቧ በሆዷ ውስጥ ባለች ልዩ ከረጢት ይዛው ትመጣለች፤ በቀፎ ውስጥ ላለችው ንብ በአፍ ታቀብላታለች፤ ያችም ለሌላዋ። እንዲህ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ከሰውነታቸው የሚወጣ ነገር እየተጨመረበት ይለወጣል። ከዚያ በማር እንጀራው ቀዳዳ ውስጥ ያፈሱትና ሌት ተቀን በክንፋቸው ያራግቡታል። ውሃው ተንኖ ከ20 ከመቶ በታች ሲቀር "ደርሷል" ብለው በሰፈፍ ይከድኑታል። እሳት የለ፣ ድስት የለ፤ በክንፍ ብቻ! አንዲት ንብ በበጋ የምትኖረው 6 ሳምንት ያህል ነው። በዕድሜዋ ሙሉ የምትሠራው ማር የሻይ ማንኪያ 12ኛ እጅ ቢሆን ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ማር የ12 ንቦች ዕድሜ ነው ማለት ነው። ይህን ቁጥር ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። የእኔዎቹ ከዚያ ወዲህ ማንኪያውን ሳይልሱ አይጥሉትም።

ከዚያ ወደ ውጭ ወጣን። አስጎብኚው ጭስ ማጨሻውን አቀጣጠለና ልጆቹን ጠየቀ፦ "ንቦቹን ለምን የምናጨሳቸው ይመስላችኋል?" አንዱ "እንዲተኙ" አለ፤ ሌላው "እንዲሸሹ" አለ። እናቴ የልጅ ልጃቸውን ጎሸም አድርገው "ምን ይላል?" አሏት። ነገረቻቸው።

"ውይ! ይኼንማ!" አሉ። "እሳት የመጣ ይመስላታል። ቤቴ ሊቃጠል ነው ብላ ማሯን ይዛ ልትወጣ ትጎርሳለች። ሆዷ የሞላ ንብ ደግሞ ለመናደፍ አትቸኩልም።"

ልጅቷ ለአስጎብኚው አስተረጎመችለት። ሰውዬው ቀጥ ብሎ እናቴን አያቸውና "ልክ ነው! ትክክል!" አለ። አንድ ነገር ብቻ ጨመረ፦ ንብ ስትቆጣ ሌሎቹን የምትጠራበት ሽታ አላት፤ ጭሱ ያንን ሽታ ይሸፍነዋል። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ወደ እናቴ ሆነ። በምን ታጨሱ ነበር? "በኩበት።" ልጅቷ ኩበት የሚለውን በዕብራይስጥ አጣችው። እኔ "የደረቀ የላም እበት" ብዬ ስነግረው ልጆቹ ሁሉ አፍንጫቸውን ይዘው ሳቁ። እናቴም "ምን ያስቃችኋል? ማሩን እንጂ ጭሱን አትበሉት!" አሏቸው።

እስቲ ልብ በሉ። ያን ቀን ልጅቷ ማስተርጎሟን አልተወችም፤ ያው እንደ ወትሮዋ ነበረች። ነገር ግን የምታስተረጉመው የአያቷን ጥያቄ ሳይሆን የአያቷን እውቀት ነበር። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

በጉብኝቱ መጨረሻ ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶግራፍ ነበር። ድብልብልና ረጃጅም የጭቃ ነገሮች አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረው ይታያሉ። እናቴ ፊቱ ቆሙና "ይኼማ የኛ ቀፎ ነው!" አሉ። አስጎብኚው "3000 ዓመት የሆነው ነው" ብሎ መለሰ። ትንሹ ልጄ አያቱን ቀና ብሎ አይቶ "ሳብታ፣ 3000 ዓመትሽ ነው እንዴ?" ብሎ ሁላችንን አሳቀን።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከቤት ሸአን በስተ ደቡብ ቴል ሬሖቭ የሚባል የጥንት ከተማ ፍርስራሽ አለ። ከዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አሚሃይ ማዛር የሚመሩት ቡድን እዚያ ሲቆፍር በከተማው መካከል የንብ ቀፎዎችን አገኘ፤ ዜናው የተነገረው በ2007 ነው። ዘመኑ ከነገሥታቱ ከነዳዊትና ከነሰለሞን ዘመን የሚቀራረብ ነው። ቀፎዎቹ ካልተተኮሰ ጭቃና ከገለባ የተሠሩ ናቸው። ርዝመታቸው 80 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋታቸው 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ባንዱ ጫፍ ንብ የምትገባበት ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ በሌላው ጫፍ ማር ቆራጩ የሚከፍተው ክዳን አለ። 30 ያህሉ ተገኝተዋል፤ በጊዜው ግን ከ100 በላይ እንደነበሩ ይገመታል።

እንግዲህ እናንተም አስታውሱ። የእኛ ቀፎ ከሸምበቆ ወይም ከጭራሮ ተጎንጉኖ በእበትና በጭቃ የተለሰነ፣ እንደ በርሜል ረዘም ያለ አልነበረም? ባንድ በኩል የንቧ ቀዳዳ፣ በሌላ በኩል ክዳን። የነሱ መሬት ላይ ተደርድሯል፤ የኛ ዛፍ ላይ ወይም ከቤቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ልዩነቱ ይኸው ነው። ብዙ ሰው "ማር" የሚለውን የኦሪት ቃል የተምር ማር ነው ይላል። እውነት ነው፤ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 8 ከሰባቱ የምድሪቱ ፍሬዎች አንዱ የሆነውን ማር መምህራን በተምር ማር ይፈቱታል። ዛሬ "ሲላን" እያልን የምንገዛው ማለት ነው። ነገር ግን የቴል ሬሖቭ ቀፎዎች የንብ ማርም በዚህች ምድር በሰፊው ይመረት እንደነበር አሳይተዋል።

ለልጆቼ የነገርኳቸውን ለእናንተም ላውጋ። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ ቀፎም ነበራቸው። አዲስ ቀፎ ሲሠሩ ውስጡን በወይራ ጭስ ያጥኑታል፤ ያን ሽታ ብሎ ነው መንጋው የሚገባው። የዐደይ አበባ ካበበ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ ማሩ ይቆረጣል። የእኛ አገር ንብ እዚህ እንዳለችው የጣሊያን ዘር ንብ ገራም አይደለችም፤ ቁጡ ናት። ስለዚህ ማር የሚቆረጠው በማታ ነው። እኛ ልጆች ቅጠል ይዘን ራቅ ብለን እንጠብቃለን፤ ከነሰፈፉ ቁራጭ ይደርሰናል። ዓርብ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ግን ቀፎው አይነካም፤ በሰንበት እሳት አይነድማ! ማሩ የሚቀመጥበትን እንስራና ጋን ደግሞ የኛው እናቶች ናቸው የሠሩት። ልጆቻችሁ ይህን ከማንም መጽሐፍ አያገኙትም። ከእናንተ ብቻ ነው።

የዛሬው አሠራር ከኛው የሚለይበትም አለ፤ እሱንም መማር ነው። እኛ ማር ስንቆርጥ እንጀራው አብሮ ይሰበራል፤ ዕጩም ይጎዳል። በ1852 ላንግስትሮዝ የተባለ አሜሪካዊ ፈረሞቹ የሚወጡና የሚገቡበትን የሳጥን ቀፎ አስመዘገበ። በዚህ ቀፎ የሰፈፉ ክዳን በቢላ ይላጣል፣ ፈረሙ በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ይገባል፣ ማሩ በሽክርክሪቱ ኃይል ተረጭቶ ይወርዳል፤ እንጀራው ግን ሳይሰበር ለንቦቹ ይመለስላቸዋል። ንብ አንድ ኪሎ ሰፈፍ ለመሥራት ከ6 እስከ 8 ኪሎ ማር ትበላለች ይባላልና ትርፉ ብዙ ነው።

ስትቀምሱም በጥሞና ቅመሱ። የብርቱካን አበባ ማር ነጣ ያለና መዓዛው የሚያውድ ነው፤ የአቮካዶ ማር ደግሞ ጠቆር ይላል። የባሕር ዛፍም ማር አለ፤ ባሕር ዛፍ ለኢትዮጵያም ለዚህም አገር ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ ነው። "ሼዛፍ" የሚሉት ማር ካገኛችሁ ደግሞ ዛፉን ታውቁታላችሁ፤ እሾሃሙ ቁርቁራ ነው።

ልጆች ከሚጠይቁት አንዱ ይህ ነው፦ "ንብ የማትበላ ነፍሳት ናት፤ ታዲያ ማሯ ለምን ኮሸር ሆነ?" ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አትቆጧቸው። የጥንት ሊቃውንት የመለሱት መልስ አለ፦ ማር እንደ ወተት ከሰውነቷ የሚመነጭ አይደለም፤ ከአበባ ያመጣችውን በከረጢቷ ተሸክማ የምታስቀምጠው ነው። ስለዚህ ይበላል።

አሁን ደግሞ ስለ ጤና የሚሉትን አራት ነገሮች ልብ በሉልኝ።

አንደኛ፣ ዕድሜው ከ12 ወር በታች ለሆነ ሕፃን ማር ፈጽሞ አይሰጥም። በጣት ማስላስም፣ በውሃ በርዞ ማጠጣትም፣ በጡጦ ጫፍ መቀባትም አይሆንም። ማር ውስጥ አንዳንዴ ለትልቅ ሰው የማያስቸግር፣ በሕፃን አንጀት ውስጥ ግን መርዝ የሚያወጣ የጀርም ዘር ይኖራል። በሽታው ቦቱሊዝም ይባላል፤ ሕፃኑን ያዝለዋል፣ ትንፋሹንም ሊያቆም ይችላል። ቤት ውስጥ ማፍላት ዘሩን አይገድለውም። አያቶች ሆይ፣ በፍቅር ነው የምታደርጉት፤ ግን እባካችሁ ተዉት። ዓመት ሲሞላው ይደርስበታል።

ሁለተኛ፣ ስኳር በሽታ ላለበት ሰው ማር መድኃኒት አይደለም። "ተፈጥሮ ነው" እያሉ የሚያታልሉ አሉ። ማር ስኳር ነው፤ እንደ ስኳር ተቆጥሮ በሐኪም ምክር ነው የሚበላው። ንጉሥ ሰለሞንም በምሳሌው ማር ልክ ሊኖረው እንደሚገባ አስተምሯል።

ሦስተኛ፣ ንብ ከነደፈች መርፌዋን ወዲያው በጥፍር ወይም በካርድ ጠርጎ ማውጣት፣ ቀዝቃዛ ነገር ማድረግ። ፊት ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ሰውዬው ራሱን ከሳተ ሳይቆዩ 101 መደወል። ንብ የማይስማማው ልጅ ካላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ለአስጎብኚው ንገሩ።

አራተኛ፣ ማር ሲረጋ "ስኳር ተጨምሮበታል" ብላችሁ አትጣሉት። ንጹሕ ማርም ይረጋል። ጠርሙሱን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ብታቆሙት ይመለሳል።

ለመሄድ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ደውሉ፤ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል፤ ለቡድን ዋጋ መቀነሱንም ጠይቁ። ሁለት ሦስት ቤተሰብ ሆናችሁ ብትሄዱ ይሻላል። አዛውንቶችን ቤት አትተዉ፤ ከፊት አስቀምጧቸው። በመኪና ስትሄዱ ልጆቹን እነዚህን ቃላት በሁለቱም ቋንቋ አስጠኗቸው፦ ንብ ድቮራ፣ ማር ድቫሽ፣ ቀፎ ካቬሬት፣ ሰፈፍ ዶናግ፣ አበባ ፔራሕ፣ ጭስ አሻን። ነቢይቱ ዲቦራም ስሟ ንብ ማለት መሆኑን ንገሯቸው።

እዚያም ስትደርሱ የምታውቁትን አትደብቁ። ዕብራይስጡ ቢሰባበርም፣ ባይኖርም፣ በአማርኛ ተናገሩ፤ ልጁ ያስተረጉማል። የማታውቁትን ደግሞ ያለ ኀፍረት ጠይቁ። የሚያውቅም የሚጠይቅም ወላጅ ያየ ልጅ ሁለቱንም ይማራል። ንብ የሌላችሁ፣ ከከተማ የመጣችሁ ደግሞ ጠላ ስለ መጥመቅ፣ እንጀራ ስለ መጋገር፣ ጥጥ ስለ መፍተል የምታውቁት አይጠፋም። የምታውቁት ነገር የሚሠራበትን ቦታ ፈልጉ።

በበዓሉም ማታ ማሩ ገበታ ላይ ሲቀርብ፣ ፖሙ ከመነከሩ በፊት፣ ከመካከላችሁ በዕድሜ የገፋው ሰው ስለ ማር አንድ ነገር ለልጆቹ ይንገር። አምስት ደቂቃ ይበቃል።

መጪው ዓመት የጤና፣ የሰላምና የበረከት ይሁንላችሁ። ሻና ቶቫ!